የምትጥፉት ወዴት ነው የሚሄደው?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ሁለተኛ ቀን፣ ማክሰኝት ላይ የተደረገ ንግግር)



ሃያ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የወጡ ሽታ እዚህ ድረስ ስለመጣ ከሃያው እንዳላልፍ እጠነቀቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ከጎንደር ስንነሳ ሲንጫጫ የነበረው አውቶቡስ ማክሰኝት ስትቃረብ ጸጥ አለ። ሁላችንም ቲቲፒን እያሰብን ነበር መሰለኝ። ለእንግዶቻችን ላስረዳ። ቲቲፒ ማለት የጎንደር የጤና ተማሪ ሊመረቅ ሲል በቡድን ሆኖ ወደ ገጠር ከተማ የሚወጣበት የተግባር ትምህርት ነው። ሐኪሙ፣ ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ ላቦራቶሪው፣ አካባቢ ጤናው አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፣ አንድ ድስት ይበላሉ፣ ቤት ለቤት ዞረው የሕዝቡን ችግር ያጠናሉ። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት ጀምሮ ጤና መኮንንን፣ የኮሚኒቲ ነርስንና ሳኒቴሪያንን እንደ አንድ ቡድን የማሠልጠን ሐሳብ ይዞ ነው የተነሳው። የእኛ ቡድን የደረሰው ማክሰኝት ነበር። ፍራሻችንን በሰልባጅ መኪና ጭነን የመጣንበትን ቀን የሚያስታውስ እዚህ ሦስት ሰው ይታየኛል።

ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት ዘንድ ገባን። ቆሎ አቀረቡልን፣ ጠላ ቀዱልን። እኛ ደግሞ መጠይቃችንን ዘርግተን ስንት ልጅ ወለዱ፣ ስንቱ ሞተ፣ ውኃ ከየት ይቀዳሉ፣ ሽንት ቤት አለዎት ወይ እያልን አንድ ሰዓት ያህል ጠየቅናቸው። የሞተባቸውን ልጅ ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እኛ ግን ብዕራችንን ማንሳት ከበደን። ስንጨርስ እንዲህ አሉ፦

«ልጆቼ፣ ይኼ የምትጥፉት ወዴት ነው የሚሄደው?»

የቡድን መሪያችን ቀልጠፍ ብሎ «እማማ፣ ወደ መንግሥት ይሄዳል፤ ከዚያ ለእናንተው ጥቅም ሆኖ ይመለሳል» አላቸው። «ይሁና» አሉ። እንዳላመኑ ያስታውቅ ነበር።

በእኛ አገር አነጋገር መጣፍና መጥፋት ጎረቤታሞች ናቸው። ሪፖርታችን በሦስት ኮፒ ተጠርዞ ነበር። ጥሩ ውጤት አገኘንበት። ከዚያ ወዲያ የጣፍነው ጠፋ።

ይህ ያለፈ የተማሪነት ነገር ነው ብላችሁ ልትተዉት ትችላላችሁ። እኔም ትቼው ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ለሁለተኛ ዲግሪዬ ወደዚሁ ወረዳ ተመለስኩ፤ የመጠጥ ውኃ አያያዝንና የሕፃናትን ተቅማጥ አጠናሁ። የሕዝብ ገንዘብ ነው ያጠናሁበት። ጥናቱ ውጭ አገር በሚታተም መጽሔት ወጣ፤ ቤተሰብ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ከመውጣቱ በፊት ፎርም ተላከልኝ፤ ሳላነብ ፈረምኩ። እስቲ እናንተ፣ የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ፎርም ከመፈረማችሁ በፊት ያነበባችሁ እጃችሁን አንሡ። (ሳቅ) አንድ ሰው ነው ያነሳው፤ እሱም ጠበቃ አግብቷል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስልኬ ጠራ። እዚሁ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ወጣት ጤና መኮንን ነው። «ጋሼ፣ ስለ ወረዳችን የተሠራ ጥናት ስፈልግ ስምዎን አገኘሁ። አርእስቱንና ማጠቃለያውን አየሁ። ሙሉውን ለማየት ግን ሠላሳ ምናምን ዶላር ይጠይቀኛል።» ሳቅሁና እልክልሃለሁ አልኩት። የዚያን ዘመን ላፕቶፔ ከሞተ ቆይቷል፤ ፍላሹም የለም። መጽሔቱ ገጽ ላይ ገባሁ። እኔንም ሠላሳ ምናምን ዶላር ጠየቀኝ። በእጄ የቆጠርኩትን የውኃ እንስራ፣ በእግሬ የዞርኩትን ቀበሌ ለማየት፣ እኔ ራሴ ክፈል ተባልኩ!

ተማሪ ሳለን ይህን ችግር አናውቀውም ነበር። ሂናሪ ነበረልና። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የጤና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። የይለፍ ቃሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሁላችንም በቃላችን ይዘነው ነበር። ትልቅ ውለታ ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን በሩ የሚከፈተው ለተቋሙ ነው። የተመረቅህ ዕለት፣ ደጅህ ላይ የታመመ ሰው መሰለፍ የጀመረ ዕለት፣ ከበሩ ውጭ ነህ። ማንበብ የሚያስፈልግህ ደግሞ ያኔ ነው!

እንግዲህ ያን ሰሞን በንዴት ስፈልግ ነው የአንድ ፈላስፋ ሥራ ላይ የወደቅሁት። ፒተር ሱበር ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። ዶክትሬቱን የሠራው በኪርከጋርድ ፍልስፍና ላይ ነው፤ ሕግም ተምሯል። በወጣትነቱ መድረክ ላይ እየወጣ ሰው የሚያስቅ ኮሜዲያን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ጆኒ ካርሰን ዝነኛ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሁሉ ቀርቧል። እኔም ከፈላስፋ ይልቅ ኮሜዲያኑን ነበር መጀመሪያ የወደድኩት። ከዚያ ኢንዲያና ውስጥ ኧርልሃም በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ሃያ ዓመት ያህል ፍልስፍና አስተማረ። ኢንተርኔት ሲመጣ የራሱን ጽሑፎች ገጹ ላይ በነጻ ይለጥፍ ጀመር፤ ጉዳዩ ውስጥ የገባው በዚያ በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2001 ቡዳፔስት ላይ ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ። ከዚያ የወጣው መግለጫ በየካቲት 14 ቀን 2002 ይፋ ሆነ፤ ዋና አርቃቂው ሱበር ነው። «ኦፕን አክሰስ» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ነው በዓለም የተለመደው። የምሁራን የጥናት ጽሑፍ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበብ፣ ይቀዳ፣ ይሠራጭ ነው ነገሩ። በ2003 ሰውዬው የማይነቃነቅ የፕሮፌሰርነት ቦታውን ለቆ ወጣ። ሙሉ ጊዜውን ለዚህ ሰጠ። በየወሩ የዜና መጽሔት እየጻፈ፣ የየአገሩን ፖሊሲ እየመረመረ፣ ያልገባውን እያስረዳ፣ የተቃወመውን እየመለሰ ኖረ። ከ2013 ጀምሮም ሃርቫርድ ውስጥ ይህንኑ ሥራ የሚመራውን ቢሮ ለዓመታት መርቷል። «ኦፕን አክሰስ» የሚለውን መጽሐፉን በ2012 ሲያሳትም፣ ይኼው መጽሐፍ በዓመቱ በነጻ እንዲለቀቅ አስቀድሞ ተስማምቶ ነው። እኔ ያነበብኩት በስልኬ፣ ከጎንደር ባሕር ዳር ስጓዝ ነው።

ክርክሩ ቀላል ነው። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ከሽያጩ ይኖራል፤ ዘፋኙም እንዲሁ። እነሱን በነጻ ስጡ ማለት እንጀራቸውን መንጠቅ ነው። የጥናት ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ጽሑፉን ለመጽሔት የሚሰጥ ተመራማሪ ሳንቲም አይከፈለውም። ገምጋሚውም በአብዛኛው እንዲሁ በነጻ ነው የሚገመግመው። የምንጽፈው እንዲነበብልን፣ ሌላው እንዲቀጥልበት፣ ስማችንም እንዲነሣ ነው። ይህ ልማድ የመጀመሪያዎቹ የምሁራን መጽሔቶች እ.ኤ.አ. በ1665 ፓሪስና ለንደን ላይ ከወጡ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው በገንዘብ ካልተጠቀመ፣ አንባቢን መዝጋት ለጸሐፊው ምን ያተርፍለታል? ምንም። የሚያጣው አንባቢ ነው።

1665 የሚለውን ዓመት ሳነብ አእምሮዬ ወዲያው ወደዚህ መንገድ መጣ። ከዚህ ወደ አዲስ ዘመን ስትሄዱ እንፍራንዝ አለች። ዘርአ ያዕቆብ ሐተታውን ጻፈባት የሚባለው፣ ያውም በ1667፣ እዚያ ነው። መቼም የእኛ ምሁራንና የውጭዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ፣ ኮንቲ ሮሲኒ ጸሐፊው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ነው ካለ ወዲህ፣ ማን ጻፈው በሚለው ይከራከራሉ። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ልተወውና መጽሐፉ የሚለውን ልንገራችሁ። ዘርአ ያዕቆብ እንፍራንዝ ላይ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ ልጆቹን ያስተምር ነበር፤ መዝሙረ ዳዊት እየገለበጠም ዋጋ ይቀበል ነበር። ሐተታውን ግን ማንም አልከፈለውም። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለለመነው፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያነበው ጻፈው። አያችሁ ልዩነቱን? ዳዊቱ የእንጀራ ሥራ ነው። ሐተታው ግን ለሚመጣው አንባቢ የተጣፈ ነው። ሱበር ብዙ ገጽ የጻፈበትን ነገር አንድ የእንፍራንዝ ጸሐፊ በኑሮው ለይቶት ነበር።

የብራናው ዕጣ ግን ያሳዝናል። ዛሬ ያለው ፓሪስ፣ የዳባዲ ስብስብ ውስጥ ነው። በታተመ ጊዜም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከግዕዙ ጋር የወጣለት ትርጉም ላቲን ነበር። እንፍራንዝ ላይ ላቲን የሚያነብ ስንት ሰው ነበር?

ወደ እኛ ሙያ ልመለስ፤ የተዘጋ ወረቀት ሰው ይገድላል ወይ ለሚል አንድ የላይቤሪያ ነገር አለ። ኢቦላ በ2014 ምዕራብ አፍሪካን ሲያጠቃ ሁሉም «በዚህ በኩል ኖሮ አያውቅም» ይል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የላይቤሪያ ጤና ሚኒስቴር ሐኪሞች አንድ ነገር ጻፉ፤ ለካ በ1982 የአውሮፓ ተመራማሪዎች የላይቤሪያውያንን ደም መርምረው፣ ላይቤሪያ ኢቦላ ካለባቸው አገሮች ትቆጠር፣ ሐኪሞቿም ይጠንቀቁ ብለው አሳትመው ነበር። ጥናቱን ከሠሩት አንድም ላይቤሪያዊ የለበትም። ያኔ ወረቀቱን ለማውረድ 45 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ የአንድ ላይቤሪያዊ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ማለት ነበር። ወረቀቱ ቢከፈት ኖሮ ሁሉም ሰው ይድን ነበር አልልም። ማስጠንቀቂያው ግን የተጻፈው ስለ እነሱ ነበር፤ እነሱ ጋ አልደረሰም።

እዚህስ? ጉማራ-ማክሰኝት ተፋሰስ በሚል ስም ዓለም የሚያውቀው ይህን የምታዩትን ተዳፋት ነው። የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳና የቪየናው የግብርና ዩኒቨርሲቲ አፈሩ በጎርፍ ስንት እንደሚታጠብ፣ የድንጋይ እርከን ምን ያህል እንደሚይዘው ለዓመታት ለክተውበታል። የሚያኮራ ሥራ ነው። ከወጡት ጽሑፎች አንዳንዱ በነጻ ይነበባል፣ አንዳንዱ ተቆልፏል። ድንጋዩን የተሸከመው ገበሬ ልጅ ግብርና ተምሮ ቢመጣ፣ የአባቱን ማሳ ውጤት ግማሹን ያነባል፤ ግማሹን በዶላር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሱበር ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር አለ፤ መንገዱ ሁለት ነው ይላል። አንዱ መጽሔቱ ራሱ ነጻ ሲሆን ነው፤ ወርቃማው ይሉታል። ሁለተኛው ጸሐፊው የጽሑፉን ቅጂ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ማከማቻ ሲያስቀምጥ ነው፤ አረንጓዴው ይሉታል። ብዙ አሳታሚዎች ይህን ሁለተኛውን ይፈቅዳሉ፤ ጸሐፊዎች ግን አያደርጉትም፣ ስለማያውቁ ወይም ስለሚሰንፉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያን የፈረምኩትን ፎርም ከኢሜይሌ ቆፍሬ አወጣሁ። በዘጠኝ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ተገምግሞ ተቀባይነት ያገኘውን የራሴን ቅጂ ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ በተቋሜ ማከማቻ ላስቀምጥ እችላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ተፈቅዶልኛል! አሳታሚውን ስሳደብ የከረምኩት ሰውዬ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ቅጂውን ከአማካሪዬ ኮምፒውተር አገኘነው፤ እግዜር ይስጥልኝና ምንም የማይጥሉ ሰው ናቸው። ማከማቻው ውስጥ ገባ። ለወጣቱም ላክሁለት። በሦስተኛው ቀን ደወለ። ያመሰግነኛል ብዬ ነው ያነሳሁት።

«ጋሼ፣ ሠንጠረዥ 2 ላይ ያለው ድምር አይገጥምም።»

አየሁት። አይገጥምም። የአንድ ቀበሌ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደምሯል። ሁለት ገምጋሚ፣ አንድ አርታኢ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ማንም አላየውም፤ ቀበሌውን የሚያውቅ ሰው አላነበበውማ! ድምዳሜውን አይለውጠውም፤ ለመጽሔቱ ማረሚያ ልኬያለሁ። ግን ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነጻ ንባብን እንደ ምጽዋት ነበር የማስበው፤ እኛ አዋቂዎቹ ለማያውቁት የምንሰጠው። ልጁ ነው ለእኔ የሰጠኝ።

በአገር ደረጃ በሩ ተከፍቷል። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ባወጣው ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲዎች ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፍና መረጃ ሁሉ ለሁሉም ክፍት ይሁን ብሏል። ለአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት ነው። ፖሊሲ ግን ራሱ ስካን አያደርግም። ከ2019 በፊት የተመረቅነው፣ ማለትም እዚህ ካለነው አብዛኞቻችን፣ ሥራችን ያለው መደርደሪያ ላይ ወይም አልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ነው።

ሁለት ነገር ሳልጠነቀቅ አላልፍም። አንደኛ፣ ነጻ መጽሔት የተባለ ሁሉ ነጻ አይደለም፤ አንባቢን ትቶ ጸሐፊውን ከሺህ ዶላር በላይ የሚያስከፍል አለ፤ ገንዘብ ተቀብሎ ሳያነብ የሚያትምም አለ። ወጣቶቻችን በዚህ እየተበሉ ነው። ማከማቻ ግን ሳንቲም አይጠይቅም፤ ከአገር ውስጥም እንደ የኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔት ያሉ በነጻ የሚነበቡ አሉ፤ እነሱን አንናቅ። ሁለተኛው የሚከብደው ነው። ሱበር ራሱ፣ ኦፕን አክሰስ ቢሟላም አራት አጥር ይቀራል ይላል፤ ሳንሱር፣ ቋንቋ፣ አካል ጉዳትና የኢንተርኔት መስመር። እኛ አካባቢ ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ቋንቋውም ያው ነው። ወረቀቴ ተከፈተ ብል እንግሊዝኛ ነው፤ ያቺ ቆሎ ያቀረቡልን እናት ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ለወረቀቴ አንድ ገጽ አማርኛ ጻፍኩለት፤ ውኃው ምን ላይ እንደሚበከል፣ እንስራውን ምን ማድረግ እንደሚሻል። ከአርባ ገጹ ይልቅ ያ አንድ ገጽ ነው ያላበኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቀበሌ ላይ ለጥፈውታል ተብያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡሱ ስንወርድ ተነጥዬ ወደ ሰፈሩ ሄጄ ነበር። ቤቱ አለ፤ ጣራው ተቀይሯል። እናትዬው ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው አለችኝ የልጅ ልጃቸው። እሷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ገጹን ሰጠኋት፤ ቆማ እዚያው አነበበችው። «ይኼ ስለ እኛ ሰፈር ነው እንዴ?» አለችኝ።

ምሳ ላይ በሩ አጠገብ ላፕቶፕና ስካነር ይዤ እቀመጣለሁ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ በግብዣው ካርድ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያመጣችሁ አሥራ አንድ ሰዎች እንደሆናችሁ አይቻለሁ። ያላመጣችሁ የጥናታችሁን አርእስትና የተመረቃችሁበትን ዓመት መዝገቡ ላይ ጻፉልኝ፤ መደርደሪያ ላይ ፈልገን እናወጣዋለን። የቲቲፒ ሪፖርታችን ሦስተኛ ኮፒ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ካለም ከቡናው በፊት ያነጋግረኝ።